ጌጥ ተብሎ የታለፈው ቀዛፊ

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ዓለም አጥርተው ያዩት የመጨረሻ ፊት በታንኳ ላይ የቆመ የአንድ ቀዛፊ ፊት ነበር፤ ልጃቸው ሥርጉት ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዛፊ የለም ብላ ከመሰከረችባቸው እነሆ ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ፈንጣጣ ዓይኑን ሊወስድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሰባት ዓመቱን ሕፃን ወልደ ዮሐንስን አባቱ ለክብረ በዓል ወደ ጽባሕ ማርያም ደሴት ይዞት ተሻግሮ ነበር። በቤተ መቅደሱ ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትሰደድ የሚያሳይ ሰፊ ሥዕል አለ። አዋቂው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ሲያይ ሕፃኑ ቁመቱ የፈቀደለትን አየ፦ ከትልቁ ሥዕል ሥር፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የተሣለውን ጠባብ የውኃ ዳርቻ። በዚያ ዳርቻ፣ በስተግራ ጥግ፣ በደንገል ታንኳ ላይ የቆመ ሰው ነበረ። ሰውየው ወደ እመቤታችን አይመለከትም፤ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ቀጥ ብሎ የሚመለከተው ሕፃኑን ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ ከትኩሳቱ በኋላ ጨለማው። በጨለማው ውስጥ የእናታቸው ፊት ሳይቀር እንደ ታጠበ ቀለም ዓመት በዓመት እየገረጣ ሲሄድ፣ ያ ቀዛፊ ብቻ ከነዓይኑ ቆሞ ቀረላቸው።

ሥርጉት አፏን ከፈታችበት ጊዜ አንሥቶ የአባቷ ዓይን ሆና ነበር ያደገችው። ገበያውን፣ መንገዱን፣ የሰላምተኛውን ልብስ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ይጠይቃሉ፣ ያርማሉ፣ ይሥቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት መሪጌታ ትከሻዋን ተደግፈው ወደ ደሴቷ ተሻገሩ። ከግድግዳው ፊት አቁመዋት፣ «በስተግራ ጥግ ዝቅ ብለሽ እይ፤ ማን አለ?» አሏት። ልጅቷ ዝቅ ብላ አየች። «ማንም የለም አባየ» አለች። መሪጌታ ደግመው አልጠየቁም። ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ በጀልባዋ ላይ ከወትሮው የበለጠ ቀለዱ፤ ያ ቀልድ የምን መሸፈኛ እንደ ነበረ ለመረዳት ሥርጉት ዓመታት ፈጀባት። አንድ ቀን ለወዳጃቸው ለአለቃ መርስዔ ኀዘን ሲናገሩ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች፦ «ያ ሰው ከሌለ፣ ሐይቁ ሰማያዊ ነው ለማለትስ ምን ምስክር አለኝ? የእናቴስ ፊት? ወይስ ከጥንቱም ያየሁት ነገር የለም፤ ያሳየኝ ጨለማው ራሱ ነው?» አለቃ የመለሱላቸውን አልሰማችም። የአባቷን ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ይዛው አደገች።

አሁን ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ሙያዋም ድረ ገጽ መሥራት። የጽባሕ ማርያም ሰበካ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥዕሎች በድረ ገጽ እንዲታዩ ሲወስን ሥራው ለእርሷ ደረሰ። ፎቶግራፎቹን ያነሣው የሥራ ባልደረባዋ መልካሙ ነው። ገጹ ለጉባኤው የሚቀርበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጣ በአባቷ ስልክ ከፈተችላቸው። ዓይን ላለው ብቻ የሚገለጥ ሥዕል ግማሹ በር እንደ ተዘጋ ደብር ነው የሚል እምነት ነበራትና፣ የመጀመሪያው ሰሚ እሳቸው እንዲሆኑ ፈለገች።

መሪጌታ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸው ስልክ ነው፤ ያውም እሳቸው ባስለመዱት ፍጥነት፣ ጤፍ ከቁና ሲዘረገፍ እንደሚወርደው። ሥርጉት እንኳ ከዐሥሩ ቃል ሁለቱን አትይዝም። ጥቂት ሰምተው አውራ ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ ወረወሩ፤ ደግመው ወረወሩ፤ ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ርእሶቹን የት አደረግሻቸው?»

«አሉ እኮ አባየ። በትልልቁ፣ በቀይ ነው የጻፍኋቸው፤ ልክ እንደ ብራናው።»

«ቀዩ ለማን ነው?»

«ለሚያነበው።»

«እኔስ ምን እያደረግሁ ነው? ዓሣ እያጠመድሁ?»

ሥርጉት ሣቀች፤ ወዲያውም ሣቋ ቀዘቀዘ። የብራናውን ውበት አመጣለሁ ስትል የርእሱን መልክ አምጥታ ርእስነቱን ትታው ነበር። በኮዱ ውስጥ ያ ቀይ ጽሑፍ ርእስ ተብሎ አልተጠራም፤ እንደ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር ተጽፎ መጠንና ቀለም ብቻ ተጨምሮለታል። ለዓይን ርእስ፣ ለጆሮ ተራ ነገር። የስልኩ አንባቢ ደግሞ ቀለም አያውቅም፤ ከርእስ ወደ ርእስ መዝለል የሚችለው ርእሱ በስሙ ሲጠራለት ብቻ ነው። ይህን ለሌሎች ስታስተምር የኖረች ሰው በገዛ አባቷ ገጽ ላይ ተሳሳተች።

«ምልክት የሌለው ድጓ ሰጥተሽኝ ያዚሙ ትዪኛለሽ» አሉ መሪጌታ። «ወይስ ከላይ ጀምሬ እስከ ታች ሁሉንም ልስማው? እናትሽ ከአንበሳሜ ለቅሶ ተመልሳ እንኳ አልጨርሰውም።»

«ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ።»

«ውሰጂ። የሚቆጣኝ ሰው ቤት የለም።»

ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሠራች። ርእሱን ርእስ፣ ንኡስ ርእሱን ንኡስ ርእስ፣ ዝርዝሩን ዝርዝር አለችው፤ የገጹን መግቢያ፣ ዋናውን አካልና ግርጌውን በየስማቸው ከለለች። ለዓይን የተለወጠ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቀዩ እንደ ቀላ ነው። መሪጌታ ግን ጣታቸውን እንደ ወረወሩ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! አሁን ደብር ሆነ። ቅኔ ማሕሌት አለው፤ ቅድስት አለው፤ መቅደስ አለው። ቅድም እኮ ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ከበሮውም በአንድ አዳራሽ ተጨናንቀው ነበር።»

ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ መግለጫ ዘለቁ። ለእያንዳንዱ ሥዕል፣ ለዓይን ሳይታይ የስልኩ አንባቢ ብቻ የሚያሰማው አጭር ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር ታስሯል። መሪጌታ የመጀመሪያውን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«‹የእመቤታችንን ሥዕል የሚያሳይ ሥዕል›። ስልኩም በበኩሉ አስቀድሞ ‹ሥዕል› ብሎኛል። ሦስት ጊዜ ሥዕል ሰማሁ፤ ምን እንዳለበት ግን አልሰማሁም።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ያየሽውን። ምን ይዛለች? ወዴት ታያለች? ሥዕል መሆኑንማ አውቄ ነው የመጣሁት።»

ሰርዛ ጻፈች፦ እመቤታችን በአህያ ተቀምጣ ልጇን በግራ እጇ ታቅፋለች፤ ዮሴፍ በትሩን ተደግፎ የመጡበትን መንገድ ዞሮ ያያል። መሪጌታ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሁለተኛውን ሰሙ፤ ሦስተኛውን ሰሙ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«የምዕራቡ ግድግዳ ስንት ሥዕል አለው?»

«አራት።»

«በመግቢያውም አራት ብለሻል። ስልኩ ያነበበልኝ ግን ሦስት ነው።»

የሰውን ቅኔ ቤት በቤት ሲቆጥሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ አንዲት የጎደለች ስንኝ አታመልጣቸውም።

«አራተኛው ጌጥ ነው አባየ» አለች ሥርጉት። «ከሥር ያለው ዳርቻ ነው፤ ሞገድና ዓሣ ብቻ። ለጌጥ ብቻ የሚሆን ሥዕል ሲገጥመን መግለጫውን ባዶ እናደርገዋለን፤ አንባቢው ሰሚውን ሳያሰለች በዝምታ እንዲያልፈው። ሥርዐቱ ነው።»

«መልካም ሥርዐት ነው» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ጌጥ መሆኑን ግን ማን ነገረሽ?» አሉ።

ስለ ቀዛፊው አልጠየቁም። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ያገኙትን መልስ ከልጃቸው አፍ ዳግመኛ ላለመስማት እንደ ሆነ ሥርጉት ዐወቀች። እርሷም ብትሆን፣ መልሱን ዳግመኛ ላለመስጠት ስትል የዚያን ዳርቻ ሙሉ ፎቶ ከፍታ አይታው እንደማታውቅ በዚያች ቅጽበት ለራሷ ተናዘዘች።

ዳርቻው እጅግ ረጅም ሆኖ ቁመቱ ጠባብ ነው። መልካሙ በየቁራጩ አንሥቶ የገጣጠመው ፎቶ ከመክበዱ የተነሣ፣ ደካማ ኔትወርክ ባለበት በስልክ የሚከፍተው ሰው ሥዕሉ እስኪመጣለት ዳዊት ይደግማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል በሦስት መጠን እንዲዘጋጅ፣ ስልኩም ኮምፒውተሩም ለስክሪኑ የሚበቃውን ብቻ መርጦ እንዲያመጣ አድርጋ ነበር። የስልኩን የሚቆርጠው ግን የእርሷ እጅ አልነበረም፤ ፕሮግራም ነው፤ ረጅሙን ሥዕል ሁልጊዜ መሀሉን አስቀርቶ ግራና ቀኙን ይጥላል። የቅዱሳን ፊት መሀል ላይ ስለሚውል ለሌሎቹ ሥዕሎች ደግ ሆኖላት ነበር። ከዳርቻው የተረፈው ግን ሞገድና ሁለት ዓሣ ነው፤ ጌጥ ብላ የፈረደችውም ቁራጩን አይታ ነው።

ለመልካሙ ደወለች።

«የምዕራቡን ግድግዳ የታች ዳርቻ ላክልኝ፤ ያልተቆረጠውን፣ ሙሉውን።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዕረፍት የሚባል ነገር ሰምተሽ አታውቂም?» አለ መልካሙ እያዛጋ። ወዲያው ድምፁ ነቃ። «ቆይ፣ እሱን ነው እንዴ? እናቴ ትሙት፣ ወገቤን የቀጨኝ እሱ ነው! ግራ ጥጉ ላይ የከበሮ ማስቀመጫ ሳጥን ተገትሮበታል፤ ከአራት ዲያቆናት ጋር ሆኜ ነው የነቀነቅኩት። አንድ ቄስ ‹ደርግ ከገባ ጀምሮ ከዚህች አልተነሣም› አሉኝ። ፎቶውን አንሥቼ ስጨርስ ደግሞ መልሱት ተባልን!»

«ሳጥን» አለች ሥርጉት።

«ሳጥን አልኩሽ እኮ። እየላክሁ... እየላክኩ ነው፤ አንቺና አባትሽ አነጋገሬን አበላሻችሁት።»

ስልኩን ዘጋችው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ በሐሳቧ ዝቅ ብላ ቆመች፤ ከፊቷ ጥቁር ሳንቃ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ በላዩ የተጣለ የነተበ መጋረጃ። «ማን አለ?» ተብላ ነበር። ማንም አልነበረም፤ ሳጥን ነበረ። ሳጥን ሰው አይደለምና የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች። ዋሽታ አልነበረም። ግን «አላየሁም» እና «የለም» በሚሉት መካከል ያለውን ገደል አንዲት ሕፃን ሳታውቀው ዘለለችው፤ አባቷን ከወዲያ ማዶ ትታቸው። ዛሬም ያንኑ ደግማ ነበር፤ ያላየችውን ባዶ ብላ ጽፋ፣ በዝምታ እንዲታለፍ አዝዛ።

ፎቶው ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዘንባባዎቹ መካከል የሐይቁ ውኃ ይብለጨለጫል፤ እንቦጭ የከበበው ዳር ላይ ሁለት ወፎች ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትነግራቸው ነበር። መሪጌታ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የመቋሚያቸውን ራስ በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። ሰውየው ባይኖርስ? ሳጥኑ ተነሥቶ ከኋላው ባዶ ግድግዳ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ጥርጣሬያቸውን እርሷ ራሷ አጣርታ፣ አጽድቃ ታስረክባቸዋለች። ሥርጉት ፋይሉን ለመክፈት ጣቷን አንሥታ ለአፍታ ያህል ዘገየች።

ከፈተችው። መሀሉ የምታውቀው ሞገድ ነው፤ ሁለቱ ዓሦችም አሉ። ወደ ግራ ገፋችው። ሞገድ። የደንገል ነዶ። ነጭ ወፍ። ከወፏ ቀጥሎ የታንኳ አፍንጫ። አንድ ጊዜ ደግማ ገፋችው።

ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ቀጥ ብለው አዩአት።

«አባየ።»

«ወይ።»

«ያኔ ሳጥን ነበረ።»

«የት?»

«በግራ ጥግ። ሥዕሉን ሸፍኖ የቆመ ትልቅ ሳጥን ነበረ። ከኋላው ያለውን አላየሁም። ማንም የለም አልሁዎት እንጂ ሳጥን አለ አላልሁዎትም።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «አሁንስ?»

«መልካሙ ሳጥኑን አንሥቶ ፎቶ አንሥቶታል። ከፊቴ ነው።»

አፏን ልትከፍት ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

«አትንገሪኝ! እኔ ልንገርሽ፤ አንቺ አዎን ወይም አይደለም በይ። እንዳትራሪልኝ።»

«እሺ።»

«ቆሟል።»

«አዎን።»

«ታንኳው የደንገል ነው፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ ነው።»

«አዎን።»

«መቅዘፊያውን በብብቱ ይዞታል። ቀኝ እጁ ባዶ ነው፤ ከፍ ብሏል፤ እንደሚሰናበት ሰው።»

«አዎን» አለች።

«ከታንኳው አፍንጫ ላይ ነጭ ወፍ አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።»

«አዎን አባየ።»

«በሥዕል ሥርዐት ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣል። የእሱ ፊት ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ነው። ሁለት ዓይን።»

«ቀሚሱ ቀይ ነው።»

ሥርጉት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ምስሉን አስፍታ ተመለከተችው። ቀለሙ ከሳጥኑ ኋላ ከጥላሸትና ከሰው እጅ ተጠብቆ ኖሮ ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ አያሻማም። አዎን ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አምስቱን በትክክል ለቆጠረ ሽማግሌ ስድስተኛውን መመረቅ ምን ክፋት አለው? ግን ይህ ግድግዳ አንድ ጊዜ በእርሷ አፍ ተዛብቷል።

«አይደለም አባየ» አለች። «ሰማያዊ ነው።»

በመንገዱ ላይ ባጃጅ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች። መሪጌታ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሥርጉት ልትነሣ ስትል ሣቅ መሆኑን አየች። ከሆድ የሚወጣ፣ ዓመታት የተጠራቀመ ሣቅ።

«ሰማያዊ! እንግዲህ ቀዩን ያለበስሁት እኔ ነኛ! ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስ ስቀባ ኖርሁ!» በነጠላቸው ጫፍ ጉንጫቸውን አበሱ። «ሁሉንም አዎን ብትይኝ ኖሮ፣ ሥርጉት፣ ለአባቷ አዝና ነው እል ነበር፤ ሌሊቱንም ስጠራጠር አድር ነበር። አሁን አመንሁሽ። ሰውየው አለ። እሱ ካለ ሐይቁም አለ። የእናቴም...»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም፤ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ተፈትቶ ነበር፤ ብዙ ዘመን ከተሸከሙት በኋላ ወርዶ እንደ ተቀመጠ ሸክም። ሥርጉትም እሾሁ የነበረበትን ስፍራ ፈልጋ አጣችው።

«ከራሱ በላይ ጽሕፈት አለ» አለች ወደ ስክሪኑ ተመልሳ። «‹ኖትያዊ› ይላል።»

«ቀዛፊ ማለት ነው። ያኔ ግእዝ አላውቅ፤ ስሙ አጠገቡ እያለ ሳልጠይቀው ቀረሁ። በይ ጻፊው።»

ጻፈች፤ አነበበችላቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«ረዝሟል። ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ነው የሚሰማው። ‹እጅግ ውብ በሆነ አሣሣል› የሚለውንም አውጪው፤ ውብ መሆኑን ሰሚው ይፍረድ።»

«ሌላስ መምህር?»

«ሰማያዊውን እንዳትረሽው!»

የስልኩንም ቁራጭ ከፕሮግራሙ ነጥቃ በገዛ እጇ ቆረጠችው። ትልቁ ስክሪን ዳርቻውን ሙሉውን ያሳያል፤ ትንሹ ስክሪን ደግሞ የግራውን ጥግ፣ ቀዛፊውን ከነታንኳው። ለአባቷ ቁራጩ ለውጥ ባያመጣ እንኳ፣ ነገ ከመራዊ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ገጹን በስልኩ የሚከፍት ሰው ከሞገድና ከዓሣ ጋር ብቻ እንዲቀር አልፈለገችም።

«ነገ ጉባኤው ላይ ለመርስዔ ኀዘን እኔው አሰማዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ያ ሳጥንም ከዚያ ይነሣ እላለሁ። ከበሮ የትም ይቀመጣል።»

ገጹን አደሰችላቸው። ጣታቸውን ወረወሩ፤ ከርእስ ወደ ርእስ ዘልለው ምዕራብ ግድግዳ ደረሱ። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው መግለጫ እንደ ልማዱ እንደ ጤፍ ተዘረገፈ። ከአራተኛው በፊት ግን መሪጌታ ስልኩን አቆሙት። ማስተካከያውን በዳሰሳ አግኝተው የንባቡን ፍጥነት ዝቅ አደረጉ፤ አሁንም ዝቅ አደረጉ፤ ሥርጉት ሰምታው እስከማታውቅ ድረስ፣ ስልኩ እንደ አረጋዊ ዲያቆን ቃል በቃል እስኪያነብ ድረስ።

«በስተግራ ጥግ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰ ቀዛፊ በደንገል ታንኳ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ በሁለት ዓይኖቹ ወደ ተመልካቹ ያያል። ከራሱ በላይ ‹ኖትያዊ› ተብሎ ተጽፏል። በታንኳው አፍንጫ ላይ ነጭ ወፍ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ሰሙት።

«ቀጽል» አሉት ስልኩን፣ ተማሪን በግእዝ ቀጥል እንደሚሉት፤ ጣታቸውንም መልሰው አሳረፉበት።